ሒጃብ ስላለበሱት ታሪክ አይሰልምም



መገናኛ ላይ ለታክሲ የተሰለፈውን ወጣት እስኪ ልብ በሉት። ወደ ኮተቤ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ቦሌ በሚሄደው ሰልፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚያነበው ብዙ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች በሚመላለሰው ባቡር ውስጥም እንደዚያው። የሚነበበው ሁልጊዜ ዜና ወይም የፈተና ማስታወሻ አይደለም። በቴሌግራም ክፍል በክፍል የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክም አለ። ከስሩ «ይቀጥላል፤ ላይክ ሲሞላ ቀጣዩ ክፍል ይለቀቃል» ይላል። ድሮ ከእግረኛ መንገድ ዳር፣ ከተነጠፈ ሸራ ላይ ተመርጦ ይገዛ የነበረው የፍቅር መጽሐፍ ዛሬ በነጻ ኪሳችን ገብቷል።

በነጻ ገባ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋውን የምንከፍለው ቆይተን ነው፤ ባል ወይም ሚስት ስንመርጥ።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። የፍቅር ታሪክ ማንበብን አንቃወምም። የምንቃወመው አንድ ውሸት ነው፦ «ዛሬ የሚያስፈራሽ ወንድ ነገ በፍቅርሽ ይለወጣል» የሚለውን። ይባስ ብሎ ይኸው ውሸት ሒጃብ ለብሶ፣ «ኢስላማዊ የፍቅር ታሪክ» የሚል ስም ይዞ ቤታችን ገብቷል። ዛሬ የምንናገረው በእሱ ላይ ነው።

*ድሮ እንቅፋቱ ከውጭ ነበር*

የአማርኛ የፍቅር ልቦለድ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም የታተመ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር ያወቀው መጽሐፍ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው ምን ነበር? የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት። አባትየው ለልጁ የሚመጥን ዘር አጣሁ እያለ የመጣውን ሁሉ ሲመልስ ዕድሜዋን ፈጀባት። በዛብህ ሊያስተምራት የመጣ ድሃ የቆሎ ተማሪ ነው፤ አላስፈራራትም፣ አልሰደባትም፣ አልደበቃትም። አንባቢው በማን ላይ መቆጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ደራሲውም ጣቱን በግልጽ ቀስሯል።

በዛሬው ታሪክ ግን ነገሩ ተገልብጧል። እንቅፋቱ አባት አይደለም፣ ድህነት አይደለም፣ ዘር አይደለም። እንቅፋቱ ራሱ ሰውየው ነው! የሚሳደበው እሱ፣ የሚቀናው እሱ፣ ስልኳን የሚቀማው እሱ፣ በመጨረሻም የምታገባው እሱን።

ይህ በእኛ ሀገር የተፈለሰፈ አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሬት በትለር ሰክሮ ስካርሌትን በጉልበት ተሸክሞ ወደ መኝታ ክፍል የሚወስድበት ሌሊት አለ። ደራሲዋ በማግስቱ ስካርሌትን ደስተኛ አድርጋ ነው የምታሳየን። የተርጓሚው ጽናት የሚደነቅ ነው፤ የዚያ ሌሊት ትምህርት ግን መርዝ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነቡትም የሚያውቁት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋትፓድ ላይ በክፍል በክፍል ተጀምሮ መጽሐፍና ፊልም እስከመሆን የደረሰው «አፍተር» ይህንኑ ግልፍተኛ ልጅ ይዞ ነው ዓለምን የዞረው።

ለምን ይህ ዓይነት ሰው ይመረጣል? ምክንያቱ ቀላል ነው። በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ ጥሩ ሰው አያዋጣውም። ልጁ ጨዋ ከሆነ፣ ሽማግሌ ልኮ መህሩን ተስማምቶ ኒካሕ ካሰረ ታሪኩ ክፍል 3 ላይ ያልቃል። እስከ ክፍል 40 ለመሄድ ዛሬ ማስለቀስ፣ ነገ ይቅርታ መጠየቅ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማስለቀስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምናነበው ክፋት ከፍቅር የመጣ አይደለም፤ ከላይክ ቆጠራ የመጣ ነው።

*ሦስቱ ተወዳጅ ማታለያዎች*

አንደኛው፦ «እምቢ ማለቷ እሺ ማለቷ ነው»።

ልጁ ይወዳታል፣ እሷ አልፈልግህም ትለዋለች። ይከተላታል። በር ላይ ያድራል። ቁጥሯን ስትቀይር አዲሱን ያገኛል። ክፍል 22 ላይ «ማንም እንዲህ ወዶኝ አያውቅም» ብላ ትወድቅለታለች። ወንድሜ፣ ይህን አንብቦ ያደገ ልጅ ነው መገናኛ ላይ አንዲት እህትን ከታክሲ ሰልፉ ጀምሮ እስከ ሰፈሯ መግቢያ የሚከተላት፤ ጽናት ያሳየ እየመሰለው።

የእኛን ታሪክ እንስማ። በሪራ (ረ.ዐ) ባሪያ ነበረች፤ ነጻ ስትወጣ ገና ባሪያ ከነበረው ባሏ ከሙጊስ ጋር መቀጠልም መለየትም ምርጫዋ ሆነ። መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ በመዲና መንገዶች ከኋላዋ ይከተላት እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ለየትኛው የቴሌግራም ደራሲ ነው ይህ ያልተመቸ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለት፤ ብትመለሺለትስ አሏት። እሷ ግን ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ማማለዴ ብቻ ነው አሏት። እንግዲያውስ አልፈልገውም አለች። ታሪኩ እዚያ ላይ አበቃ! ማንም ልበ ደንዳና ናት አላላትም። ማንም እንባውን እንደ ዕዳ አልቆጠረባትም። የሰው ልጆች ሁሉ በላጭ የሆኑት ነቢይ አማልደው እንኳ የአንዲት ነጻ የወጣች ሴት «እምቢ» እምቢ ሆኖ ቀረ።

«አለመተው»ን ፍቅር ብለን ስንጠራው የት እንደሚያደርስ ከተማችን አይታለች። በ1999 ዓ.ም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ወጣት ሙስሊም እህታችን ፊቷ ላይ አሲድ ተደፋባት። ያደረገው ለረጅም ጊዜ ሲከታተላት የነበረ ሰው ነው። እሱም ቢጠየቅ የሚሰጠው ስም ፍቅር ነበር።

ሁለተኛው፦ «በግድ ተጀምሮ በፍቅር ያልቃል»።

ሀብታሙ ሰው የአባቷን ዕዳ ከፍሎ ይወስዳታል። ወይም የአንድ ዓመት የውል ጋብቻ ያስፈርማታል። ወይም ጠልፎ ያገባታል። መጀመሪያ ትጠላዋለች፤ ሲያማት አጠገቧ ሲቀመጥ ልቧ ይርዳል።

ይህን የሚጽፍ ሰው በየትኛው ሀገር እንደሚጽፍ የረሳ ይመስለናል። ጠለፋ በኢትዮጵያ የልቦለድ ቅመም አይደለም። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለችው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ነበረች፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ያቺ ልጅ ክፍል 30 ድረስ ብትታገሥ ትወደው ነበር የሚል ደፋር አለ?

በዲናችንም ቢሆን በር የለውም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ሳትፈቅድ ዳራት። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ነገረች፤ ኒካሑን አፈረሱት። «ትለምደዋለች» አላሏትም። ይህን ቃል ዛሬ ስንት ሽማግሌ እንደሚናገረው እናውቃለን፤ ደራሲዎቻችንም ከሽማግሌዎቹ ተቀብለው በቆንጆ ፊደል ይጽፉታል።

ሦስተኛውና ትልቁ፦ «መጥፎውን ልጅ እሷ ትለውጠዋለች»።

ይህ የሁሉም እናት ነው። ይጠጣል፣ ይቅማል፣ ይዋሻል፤ እሷ ግን «ውስጡ ጥሩ ነው» ትላለች። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ሁለት ሰዎች በጠየቋት ጊዜ ምክር ፈልጋ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። ጠያቂዎቹ ሙዓዊያና አቡ ጀህም ነበሩ፤ ሁለቱም ሰሓባ። ታዲያ ምን አሏት? ሙዓዊያ ገንዘብ የሌለው ድሃ መሆኑን፣ አቡ ጀህም ደግሞ በትሩን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን ነገሯት፤ ኡሳማን እንድታገባም መከሯት። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። አስተውሉ፦ የሰውየው ጠባይ በግልጽ ተነገራት፤ ኪሱም ሳይቀር ተነሳ። «አንቺ በትዕግሥትሽ በትሩን ታስጥይዋለሽ» የሚል ነገር የለም።

እዚህ ላይ «የኡሙ ሱለይምስ? አቡ ጠልሓ በእሷ ምክንያት አልሰለመም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሰልሟል። ግን መቼ? ከኒካሑ በፊት! እስልምናህ መህሬ ነው ብላ ሁኔታ አስቀመጠች፤ ሁኔታው ሲሟላ አገባችው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ኡሙ ሱለይም ሁኔታ አስቀመጠች፤ የቴሌግራሟ ጀግና ግን ተስፋ አድርጋ ትገባለች። ሁኔታ በፊት ነው፣ ተስፋ በኋላ። አበው «አመል ያወጣል ከመሐል» ያሉት ቤት ከገቡ በኋላ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነው።

*«ኢስላማዊ» ያልነው ያው ታሪክ*

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። «ኢስላማዊ የፍቅር ታሪክ» እያሉ የሚለቀቁትን አንብቡና ከሒጃቡና ከ«ማሻአላህ»ው በስተቀር ምን እንደተለወጠ ንገሩን። ያው ሀብታም ልጅ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቁርኣን ስለከፈተ ብቻ ዲነኛ ተባለ። ያው ጋጠወጥ ነው፤ የኒቃቧን ዓይን አይቶ ሰላት ጀመረ። ሰላት የጀመረው ለአላህ ነው ወይስ ለዓይኗ? ስታኮርፈውስ ይተወዋል? ደራሲው ይህን አይጠይቅም።

የሚገርመው ደግሞ የኢስላማዊ ጋብቻ ዋናው ነገር ሁሉ ከታሪኩ መጥፋቱ ነው። ወሊይዋ የት ነው? ካለም የሚመጣው ሊከለክል ነው። መህሩ ስንት ነው? አይነገርም። ስለ ጠባዩ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን የጠየቀ ሰው አለ? የለም፤ ኢስቲኻራ ሰግዳ በሕልሟ አየችው፣ አበቃ። ምስክሮች፣ የቤት ኪራይ፣ እናቱ አብራቸው ትኖር እንደሆነ፣ እሷ ትምህርቷን ትቀጥል እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ፍቅርን የሚያበላሽ ተራ ነገር ተደርጎ ተጥሏል። ዲናችን ከኒካሕ በፊት ይጠየቅ፣ ይነገር ያለውን ቆርጠው ጥለው ስሙን ኢስላማዊ አሉት!

ሌላም አለ፦ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነችው ልጅ የወንድማችንን ውበትና ጨዋነት አይታ ትሰልማለች፣ ይጋባሉ፣ ታሪኩ ያልቃል። ይህ ማታለያ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ «ጦቢያ» የሚያልቀው ክርስቲያን ያልነበረ ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን በማግባቱ ነው። አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ እንጂ ብልሃቱ ያው ነው፤ ሃይማኖት የሠርግ አዳራሽ መግቢያ ትኬት ሆነ። እነሱ ሲያደርጉት ካልተመቸን እኛ ስናደርገው ለምን ይጥመናል?

ሰፊ ተሰጥዖ ያላቸውም ከዚህ ወጥመድ አላመለጡም። የኢንዶኔዥያዊው ሀቢቡራህማን ኤል ሺራዚ «አያት አያት ቺንታ» እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ፣ በ2008 ፊልም ሆኖ ሕዝብን ያጥለቀለቀ ኢስላማዊ የፍቅር ልቦለድ ነው። ጀግናው ፋህሪ የአዝሀር ተማሪ ነው፤ እንከን የለውም፤ ያገኙት ሴቶች ሁሉ ይወዱታል፤ የሚያገባት ባለ ኒቃብ ደግሞ ሀብታም ናት። ማርያ የምትባለው የግብፅ ክርስቲያን ታማ፣ ለእሱ መስክራ፣ ሰልማ ትሞታለች። ጨዋ መጽሐፍ ነው፤ ስድብና ድብደባን ፍቅር አላለም። ግን አንባቢዋ ዘግታው ስትነሳ በአካባቢዋ ያለው ደመወዙ ከኪራይ የማያልፍ ጨዋ ወንድሟ ከፋህሪ ጋር ሲወዳደር ምን ሊመስላት ነው?

*«ልቦለድ ብቻ እኮ ነው!»*

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ግን «ኢስላማዊ» ታሪክ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው «የምንጽፈው ለዳዕዋ ነው፤ ታሪክ ልብ ይለውጣል» ይሉናል። እንግዲያው ይምረጡ። ታሪክ ልብ የሚለውጥ ከሆነ በመጥፎውም ይለውጣል። የማይለውጥ ከሆነም ዳዕዋ አንበለው።

ነገሩ አንዲት እህት ልቦለድ አንብባ ቢሊየነር ትፈልጋለች ማለታችን አይደለም። ይህን ያህል ሞኝ የለም። የሚለወጠው መለኪያው ነው። ስልኳን ሲፈትሽ «ስለሚወደኝ ነው»፣ ከጓደኞቿ ሲለያት «ስለሚቀና ነው»፣ ሲጮኽባት «ያለፈበት ነገር ስላለ ነው» ትላለች። ቃላቱን ከየት አመጣቻቸው?

በተጨማሪም ልቦለዱ አንድ ዋስትና አለው። የፍቅር ልቦለድ አንባቢ መጨረሻው እንደሚያምር ገና ሳይጀምር ያውቃል፤ የዘውጉ ውል ነው። ሰውየው ክፍል 5 ላይ ሲጮኽ የማንደነግጠው ክፍል 40 ላይ እንደሚያለቅስ ስለምናውቅ ነው። መገናኛ ላይ ቆማ የደወለላትን ሰው ለማግባት የምታስብ እህት ግን ይህን ውል ማንም አልፈረመላትም።

*«እንግዲያው ሁሉንም ማቃጠል ነው!»*

ይህም አለ። «ልቦለድ የሚባል ነገር ሐራም ነው፣ አጥፉት» የሚል ወንድም ከአስተያየት ሰጪዎች መሀል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ይህ ተሞክሯል። በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ የሐውሳ ሙስሊም ሴቶች «ሶያያ» የሚባል የፍቅር ልቦለድ በርካሽ እያሳተሙ በገበያ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የካኖው አስተዳዳሪ ኢብራሂም ሸካራው መጽሐፎቹን በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት በአደባባይ አቃጠሉ። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ከጸሐፊዎቹ አንዷ በላራባ ራማት ያኩቡ ናት፤ ራሷ በልጅነቷ የተዳረች። መጽሐፎቿ ስለ ግዳጅ ጋብቻ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ስለሚያባርር ባል ይናገራሉ። ክምሩን ያቃጠለ ሰው መርዙንና መድኃኒቱን አብሮ ነው የሚያቃጥለው።

እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ «ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር»። አንብቡ፤ ግን እጮኛ እንደሚመረምር ሰው አንብቡ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። እምቢ ስትለው ምን አደረገ? የተለወጠው መቼ ነው፣ ከማግባቷ በፊት ወይስ በኋላ? ይህን ያደረገው ሰው ቆንጆና ሀብታም ባይሆን ኖሮ ምን ብለን እንጠራው ነበር? ሦስተኛውን በደንብ ጠይቁ። ያው ድርጊት ድሃ ሲያደርገው ዱርዬነት፣ ሀብታም ሲያደርገው ፍቅር ከሆነ ማታለያው ተገኘ ማለት ነው።

«ጠላቶች ነበሩ፣ በኋላ ተዋደዱ» የሚለውም ታሪክ በራሱ ኃጢአት የለበትም። የጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. የ1813ቱ ልቦለድ የዚህ ሁሉ አያት ነው። ዳርሲ ኤልሳቤጥን ሲጠይቃት እምቢ አለችው፤ ለምን እንደሆነም ነገረችው። አልተከተላትም። ሄዶ ራሱን አረመ፤ ቤተሰቧን የረዳውም ተደብቆ ነው። ዳግም ሲጠይቃት አሁንም እምቢ ካለች ነገሩን ዳግም እንደማያነሳ አስታውቆ ነው። ካናዳዊቷ ሙስሊም ዑዝማ ጀላሉዲን ይህንን ታሪክ ወስዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በቶሮንቶ ሙስሊሞች መሀል አድርጋ ጻፈችው። ይቻላል ማለት ነው!

እናንተ በስልካችሁ የምትጽፉ እህት ወንድሞች፣ ብዕራችሁን አስቀምጡ አላልንም። የሰዉን ልብ ይዛችሁ እንቅልፍ ማሳጣት ችላችኋል፤ ቀላል ችሎታ አይደለም። የምንለምናችሁ አንድ ታሪክ ነው። የካ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ደመወዝተኛ ወጣቶችን ጻፉልን። ሽማግሌ ይላክ። አባቷ ይጠይቅ፣ እሷም ትጠይቅ። መህሩ ይነገር፤ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ያስጨንቃቸው። አንድ ጊዜ እምቢ ትበል፤ እሱም ሰምቶ ይሂድ። ተመልሶ የሚመጣ ከሆነም ተለውጦ ይምጣ እንጂ ልትለውጠው አይምጣ። እኛ እስከ ክፍል 40 እናነባለን፤ ላይኩንም አንሰስትም።

እስከዚያው ግን እህቴ፣ ታሪኩ ላይ የሚያስለቅስሽ ሰው በሕይወትሽ ቢመጣ ክፍል 2ን አትጠብቂ። በሪራ ነቢይ አማልደዋት እንኳ አልፈልግም ብላለች።

ወላሁ አዕለም።